ካርቱም ላይ የታየው ሰርግ

በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ አያያዝና ስለ ባልና ሚስት መከባበር ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ የምናቀርበው ስለ ግጥም ነው። ግጥም ከወታደር ቤት ምን ጉዳይ አለው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ስምንት መሥመር ግጥም ጎጇችንን ሊያፈርሳት ጥቂት ቀርቶት እንደነበረ ልናጫውተው እንወዳለን። ነገሩም የደረሰብን ግጥሙ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ ስለ ወንዝ የተጻፈውን ግጥም ወንዙን ሳናውቅ ስላነበብነው ነው።

«እኛ» ስንል ባልና ሚስት ነን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አንዱ ሲያወጋ ሌላይቱ እየጻፈች፣ አንዷ ስታወጋ ሌላው እያረመ ነው። ስለዚህ ስለ ባልየውም ሆነ ስለ ሚስትየዋ የሚነገረው ሁሉ በሁለታችን ስምምነት የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ባልየው የጎጃም ሰው ነው። ወደ ውትድርና ከመግባቱ በፊት በቅኔ ቤት ጥቂት ዓመታት ስለ ቆየ፣ ነገርን በምሳሌ መናገር ከልጅነቱ የያዘው ልማድ ነው። ሚስትየዋ የተወለደችው በኢሉባቦር፣ በጎሬ ከተማ ነው። አባቷ በወጣትነታቸው ቡና በበቅሎ እየጫኑ ወደ ጋምቤላ ይወርዱ ስለነበረ፣ የባሮ ወንዝ ወሬ ከቤታቸው ጠፍቶ አያውቅም። ባልየውም ሲያቆላምጣት «የባሮ ዳር ልጅ» ይላት ነበር። ይህን ስም አንባቢ ልብ ይበልልን፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እርሱ ነውና።

በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. በሰሜን የነበረው ሠራዊት ሲበተን፣ ብዙ ሺህ ወታደር በከሰላ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገረ። ከተሻገሩት አንዱ ባልየው ነበር። ሚስትየዋ ሁለት ሕፃናት ይዛ ከኖረችበት የጦር ሰፈር ወጣችና ጎሬ ከወላጆቿ ቤት ገባች። ባልየው ከወራት እንግልት በኋላ ካርቱም ደርሶ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ዴም በሚባለው ሰፈር በዘበኝነት ሥራ ተቀጠረ። ሌሊት መጋዘን ይጠብቃል፤ ቀን እንቅልፍ እንቢ ሲለው ወደ ወንዙ ይወርዳል።

ካርቱም የሁለት ወንዞች ከተማ ናት። ስሟ ራሱ በዐረብኛ «የዝሆን ኩምቢ» ማለት ነው ይባላል፤ በሁለቱ ወንዞች መካከል ሾጠጥ ብሎ የወጣው መሬት ኩምቢ ስለሚመስል ነው ይላሉ። ነገሩ እንደሚባለው ከሆነ፣ የከተማይቱ ስም አንዲት ቃል ያላት የተፈጥሮ ግጥም ነው ማለት ይቻላል። ወንዞቹ የሚጋጠሙበትን ሥፍራ አገሬው «አል ሞግራን» ይለዋል፤ መጋጠሚያ፣ መጣመሪያ ማለት ነው። ለባልየው ስሙን የነገረችው በወንዙ ዳር ሻይ የምታፈላ አንዲት ሱዳናዊት ስትሆን፣ ጋብቻን ማሰር የሚባለውም ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል መሆኑን ጨምራ አጫወተችው።

ከዚያ ድልድይ ላይ ቆሞ በነሐሴ ወር ወደ ታች ላየ ሰው የሚታየው ነገር ያስደንቃል። በአንድ ወገን ዓባይ ከጣና ተነሥቶ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የደጋውን አፈር ተሸክሞ፣ ቡና መስሎ ይመጣል። በሌላው ወገን ነጭ ዓባይ ከደቡብ ረጋ ብሎ፣ አመድማ መልክ ይዞ ይደርሳል። ሲገናኙ ወዲያው አይቀላቀሉም። በመካከላቸው እንደ ስፌት የሚታይ መሥመር አስቀርተው፣ እያንዳንዱ ቀለሙን እንደያዘ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ መሥመሩ ይጠፋና አንድ ወንዝ ይሆናሉ።

ባልየው ይህን ባየበት ሳምንት ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው አገኘ። ሰውየው ቸኩሎ ስለነበር ደብዳቤው ከጤንነት ሰላምታ አላለፈም። በወረቀቱ ጀርባ ግን የሚከተለውን ግጥም ጻፈ፤

በነሐሴ ወራት፣ ከካርቱም ዳር ቆሜ፣
ሰርግ አየሁ በዓይኔ፣ ጠፋልኝ ድካሜ።
ጠይሙ ጎረምሳ፣ ከደጋ ወረደ፣
ነጪቱን አግኝቶ፣ ጎን ለጎን ነጎደ።
ልብሳቸው ሳይዋሐድ፣ ጥቂት ተጓዙና፣
አንድ አካል ሆነዋል፣ ባንዲቱ ጎዳና።
የባሮ ዳር ልጅ ሆይ፣ ሰምተሽ አትዘኚ፤
የእኔም ሰርግ ነበረ፣ እውነቴን እመኚ።

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ጎሬ የደረሰው በኅዳር 1984 ዓ.ም. ነው። ሚስትየዋ ደብዳቤውን ስማ አነበበች። ገልብጣ ግጥሙን ስታነብ ግን እጇ ተንቀጠቀጠ። ባሏ ጠይም ነው፤ የደጋ ሰው ነው። እርሷ ጥቁር ናት። «ነጪቱ» እንግዲህ ማን ናት? «አንድ አካል ሆነዋል» ይላል። «ሰምተሽ አትዘኚ» ይላል። በመጨረሻም «የእኔም ሰርግ ነበረ» ብሎ በገዛ እጁ ፈርሟል። ካርቱም ላይ አንዲት ቀይ ሴት አግብቶ፣ ያንን በግጥም አሳምሮ የላከላት መሰላት።

ከዚያ ወዲያ ስድስት ወር ሙሉ መልስ አልጻፈችም። ልጆቹ ስለ አባታቸው ሲጠይቋት ወሬ ትለውጣለች። እናቷ «በሽማግሌ ፊት ይለቅሽ፤ ገና ልጅ ነሽ» እያሉ ይመክሯት ጀመር። በካርቱም ደግሞ ባልየው መልስ ሲጠፋበት፣ ሚስቱ ወይ ሞታለች ወይ ሌላ ትዳር ይዛለች ብሎ ተስፋ ቆረጠ። ጓደኞቹ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሻገር ሲመዘገቡ እርሱም ስሙን አስገባ። ሁለታችንም በየፊናችን አንድ ግጥም ይዘን፣ ከአንዱ ቃል የተነሣ ልንለያይ ተቃረብን።

ከዚህ ላይ ታሪኩን ጥቂት ገታ አድርገን፣ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ እንመልከት።

ገጣሚ ስለ ተፈጥሮ ሲጽፍ ቃሉን በቀጥታ አይናገርም። አንዳንድ ጊዜ «እንደ» ብሎ ሁለቱን ነገሮች አቅርቦ ያስተያያል፤ ይህ አነጻጻሪ ዘይቤ ይባላል። ከላይ ስለ ውኃው ስንጽፍ «እንደ ስፌት የሚታይ መሥመር» ማለታችን ከዚህ ወገን ነው። በዚህ ዓይነቱ አነጋገር አንባቢ አይሳሳትም፤ «እንደ» የምትለዋ ቃል በር ላይ ቆማ ታስጠነቅቀዋለችና። ሌላ ጊዜ ግን ገጣሚው «እንደ»ን ያነሣና አንዱን ነገር በሌላው ስም ይጠራዋል፤ ይህ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። የውኃው መጋጠም «ሰርግ» የተባለው በዚህ መንገድ ነው። ሕይወትና ጠባይ ለሌለው ነገር የሰው ጠባይ ሲሰጠው ደግሞ ሰውኛ ዘይቤ ይሆናል፤ ዓባይ «ጎረምሳ» ሲሆን፣ ነጭ ዓባይ በሴት አንቀጽ «ነጪቱ» ስትባል ማለት ነው።

እነዚህ ዘይቤዎች ለእኛ እንግዳ አይደሉም። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ወንዙ በክረምት ደራሽ ሲሆን ከየገደሉ ዛፍ እየነቀለ ይዞ ሲወርድ ላየ ሰው፣ ተረቱ ከዓይን የተቀዳ እውነት ነው። ቤት የሌለው ሰው ትልቅ ሸክም ተሸክሞ ሲንከራተት ታየው። ግንዱን ያላየ ሰው ተረቱን በቃሉ ሊያጠና ይችላል፤ ክብደቱ ግን አይሰማውም። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውም እንዲሁ ነው። ዓባይ በጥልቅ ገደል ውስጥ እንደሚፈስና ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ገበሬ ውኃውን እያየ ሊቀዳው እንደማይችል ለሚያውቅ፣ በተረቱ ውስጥ ያለው ምሬት ይገባዋል።

ሊቃውንቱ የዚህን ዓይነት አነጋገር «ሰምና ወርቅ» ብለው የሰየሙት ከአንጥረኛ ሥራ ወስደው ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በሸክላ ጭቃ ይለብጠዋል፤ ከእሳት ሲያገባው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ሥፍራ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሰሙ የሚጣል፣ ወርቁ ብቻ የሚፈለግ ነገር ይመስለዋል። አንጥረኛ ግን እንዲህ አያስብም። ወርቁ መልኩን የሚያገኘው ከሰሙ ነው። ሰሙ ላይ ያልተቀረጸ ጣት በወርቁ ላይ አይገኝም፤ ሰሙ የተጣመመ እንደሆነም ወርቁ ተጣሞ ይወጣል። በተፈጥሮ ግጥም ሰሙ ወንዙ፣ ተራራው፣ ዝናቡ ነው። ይህን በመልኩ ያላወቀ አንባቢ ወርቅ አገኘሁ ቢልም፣ ያገኘው ከራሱ ልብ የፈሰሰ ሌላ ነገር ነው።

ሚስትየዋ የደረሰባት ይኸው ነው። በግጥሙ ውስጥ ሦስት እርከን ነበር። የመጀመሪያው በቃል የተነገረው ሰርግ ነው። ሁለተኛው በዓይን የታየው የሁለቱ ወንዞች መጋጠም ነው። ሦስተኛው በልብ የታሰበው ነው። እርሷ ሁለተኛውን እርከን ስለማታውቀው ከመጀመሪያው ተነሥታ ዘለለች፤ ያረፈችውም በፍርሃቷ ላይ ነው። ባሏ የራቃት ሴት ሌት ተቀን የምትፈራው ነገር አለ፤ ያልገባት መሥመር ሁሉ ያንኑ የሚናገር ይመስላታል።

ባልየውም ከጥፋት ነፃ አይደለም። እርሱ በድልድዩ ላይ ቆሞ ሲጽፍ ወንዞቹ ከፊቱ ነበሩ። በግጥሙ ውስጥ «ወንዝ» የሚል ቃል ወይም «ውኃ» የሚል ቃል አንድም ጊዜ እንዳልገባ አላስተዋለም። እርሱ ያየውን ሚስቱም የምታየው መሰለው።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንመለስ። በግንቦት 1984 ዓ.ም. አንድ ማታ፣ የሚስትየዋ አባት የልጃቸው ፊት መጥቆሩ ምን እንደሆነ ጠይቀው አልመልስ ስትላቸው፣ ወረቀቱን እንድታነብላቸው አዘዟት። ፊደል አልቆጠሩም፤ ጆሮአቸው ግን ግጥም ያውቃል። አንብባ ስትጨርስ ዝም ብለው ቆዩና «ድገሚው» አሏት። ደገመችው።

«ከካርቱም ነው የጻፈው?» አሉ።

«አዎን፣ አባዬ።»

«በነሐሴ?»

«በነሐሴ ይላል።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ እኔ በጎልማሳነቴ ቡና የማወርደው ለማን ነበር? ለካርቱም መርከብ አይደለም ወይ? መርከቡ በክረምት፣ ባሮ ሲሞላ፣ ጨው ይዞ እስከ ጋምቤላ ይመጣል፤ ቡናችንን ጭኖ ይመለሳል። ውኃው ሲጎድል ይቀራል። መርከቡ ከካርቱም በውኃ ላይ ወደ እኛ ከመጣ፣ የእኛ ውኃስ ወዴት የሚወርድ ይመስልሻል?»

አባባላቸው እውነት ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ፣ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ፣ የካርቱም መርከቦች በክረምት እየመጡ የምዕራቡን ቡና ያግዙ ነበር። መንገዳቸውም ከባሮ ወደ ሶባት፣ ከሶባት ወደ ነጭ ዓባይ ነው። ሚስትየዋ በማግሥቱ ከአንድ ጎረቤት የትምህርት ቤት ካርታ ተውሳ በጣቷ ተከተለችው። ባሮ ከኢሉባቦር ደጋ ይወርዳል፤ ጋምቤላን አልፎ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከማላካል በላይ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ነጭ ዓባይ ከዚያ በፊት «ሱድ» በሚባለው ሰፊ ረግረግ ውስጥ ሲያልፍ ግማሽ ያህሉን ውኃ ፀሐይ ትጠጣበታለች። ስለዚህ ከማላካል ወዲህ በነጭ ዓባይ ከሚፈሰው ውኃ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የመጣው ከሶባት ነው።

ጣቷ ካርቱም ላይ ሲደርስ ቆመ። ጠይሙ ጎረምሳ ከጎጃም የወረደው ዓባይ ነው፤ ባሏ ነው። ነጪቱ ደግሞ ሌላ ሴት አይደለችም፤ የኢሉባቦር ውኃ ያለባት ነጭ ዓባይ ናት። የባሮ ዳር ልጅ፣ ራሷ ናት። ሁለቱ ውኆች ከአንድ አገር ደጋ ተነሥተው፣ በየፊናቸው ሜዳና ረግረግ አቋርጠው፣ በሰው አገር ይገናኛሉ። ባሏ ከድልድዩ ላይ ቆሞ «ሰምተሽ አትዘኚ፤ ውኃሽ እዚህ ደርሶ ከውኃዬ ጋር ሲጋባ አየሁ፤ እኛም እንገናኛለን» ማለቱ ነበር። ለስድስት ወር የቀናችባት ነጪት ራሷ ሆና ተገኘች። ሳቀችም አለቀሰችም።

መልሷ ሁለት መሥመር ነበር፤

ሙሽራዋ ሳትሰማ፣ ሰርጓ ተደገሰ፤
ውኃውስ ተጓዘ፣ ሰውም በደረሰ።

ይህ ወረቀት ካርቱም የደረሰው ባልየው ከጓደኞቹ ጋር ጉዞ ሊጀምር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ጓደኞቹ ሄዱ፤ እርሱ ቀረ። በ1985 ዓ.ም. በመተማ በኩል ገብቶ ጎሬ ደረሰ። የመጀመሪያ ጥያቄው «ስድስት ወር ምን ነካሽ?» የሚል ነበር። የእርሷም መልስ «አንተስ ወንዝ ማለት ምን ነካህ?» የሚል ነበር።

ይህን ያወጋነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በየጦር ሰፈሩ ግጥም የሚጽፍ ወታደር ብዙ ነው፤ በየቤቱም ግጥም እያነበበች ልቧ የሚሸበር ሚስት አትጠፋም። እኛ ከራሳችን የተማርነው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው፣ ከትርጉሙ በፊት ነገሩን መጠየቅ ነው። ግጥሙ ስለ ምን ወንዝ፣ በምን ወር፣ ከየት ሥፍራ ላይ ተቆሞ ተጻፈ? «በነሐሴ» የምትለው ቃል ለሚስትየዋ ቀን ብቻ መስላት ነበር፤ ለአባቷ ግን የወንዝ ሙላት ምልክት ሆነችላቸው። በተፈጥሮ ግጥም ውስጥ የወር ስም፣ የነፋስ አቅጣጫ፣ የአፈር ቀለም ለጌጥ ብቻ አይገባም። ቀለምም ቢሆን እንደተጻፈ አይወሰድም። ዐረቦች የእኛን ዓባይ «አዝረቅ»፣ ሰማያዊ ይሉታል፤ በሱዳኖች አነጋገር ግን ይኸው ቃል ጥቁርንም ይጠራል። እኛም «ጥቁር ዓባይ» እንላለን። በክረምት ቀርቦ ላየው ሰማያዊም ጥቁርም አይደለም፤ የተፈጨ ቡና መልክ ነው። ነጩም ወተት አይደለም። የወንዞቹ ስም ራሱ ዘይቤ ከሆነ፣ ግጥሙ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚርቅ መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው፣ ማን ለማን እንደተናገረ መጠየቅ ነው። በግጥሙ ውስጥ ለሁሉ ሰው የማይገባ፣ ለሁለት ሰዎች ብቻ የሚገባ አንድ ቃል ይኖራል። በእኛው ግጥም «የባሮ ዳር ልጅ» የሚለው ስም እንዲያ ነበር። ሚስትየዋ ማቆላመጫዋን ስታይ ማባበያ መሰላት እንጂ፣ የግጥሙ በር የሚከፈተው በእርሱ መሆኑን አላስተዋለችም። ግጥም ሲጠጥርባችሁ፣ ለእናንተ ብቻ የተጻፈውን ቃል ፈልጉ።

ሦስተኛው፣ ዘይቤ ከነገሩ አንዱን ወገን መርጦ ሌላውን እንደሚተው ማወቅ ነው። ጥቁር ዓባይ በክረምት በሞላ ጊዜ፣ ካርቱም ላይ ነጭ ዓባይን ገፍቶ ወደ ኋላ ያቆመዋል። የነጩ ውኃ በብዛት የሚለቀቀው የጥቁሩ ጎርፍ ሲጎድል ነው። ባልየው ይህን ያውቅ ነበር፤ በግጥሙ ግን አላስገባውም፤ በሰርግ ቀን ግፊያ አይወራምና። ይህ ውሸት አይደለም። ግጥም የነገሩን ሁሉ አይቆጥርም፤ የሚፈልገውን ጎን ያበራል። አንባቢም ገጣሚው ካበራው ጎን ላይ ሊቆም ይገባዋል።

ለሚጽፈውም ወገን አንድ ቃል አለን። ወንድሞች ሆይ፣ ለሚስቶቻችሁ ስታስቡ በምሳሌ ጻፉ፤ ነገር ግን አንዲት መስኮት ክፈቱላቸው። «ከድልድይ ላይ ሆኜ ሁለት ወንዞች ሲገናኙ አየሁ» የምትል አንዲት መሥመር በደብዳቤው ላይ ኖራ ቢሆን፣ ቤታችን ስድስት ወር ባልጨለመ ነበር። ምሥጢርን መሸፈን የቅኔ ሙያ ነው፤ አንባቢን ከሜዳ መጣል ግን ሙያ አይደለም።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። ባልየው የቆመባት ካርቱም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ክፉኛ ተጎድታለች። በዴም ሰፈር የነበሩ ብዙ ወገኖቻችንም እርሱ ባለፈበት በመተማ መንገድ ተሰደው ተመልሰዋል። ያቺ ሻይ የምታፈላ ሴት ልጆችና የልጅ ልጆች ካሏት የት እንደ ወደቁ እያሰብን እናዝናለን። ወንዙም እንደ ድሮው አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ዓባይ ይዞት ይወርድ ከነበረው ደለል አብዛኛው አሁን በግድቡ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። «ማደሪያ የለው» የተባለው ወንዝ ማደሪያ አገኘ፤ ግንዱንም እዚያ ያስቀምጣል። እንግዲህ የልጅ ልጆቻችን ካርቱም ላይ ቆመው የጠራ ውኃ ቢያዩ፣ «ጠይሙ ጎረምሳ የታለ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ያን ጊዜ ግጥሙ በየትኛው ዘመን እንደተጻፈ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። ተረቱንም «ድሮ እንዲህ ነበር» ብሎ የሚያስረዳቸው ይፈለጋል። ተፈጥሮ ሲለወጥ ሰሙ ይለወጣል፤ የቀድሞውን ሰም የሚያስታውስ ከሌለ የቀድሞው ወርቅ ይጠፋል።

እኛ ግን ያንን ግጥም የቤታችን ቋንቋ አድርገነዋል። ባልየው ተቆጥቶ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ ሚስትየዋ አትመልስለትም። «ዓባይ ሞልቷል፤ ነጪቱ ትቆያለች» ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ጥቂት ቆይቶ እርሱ ራሱ ከጓዳው በር መጥቶ «ጎርፉ ጎድሏል» ይላል። ከዚያም ቡና ይፈላል። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ አድገዋል፤ ካርቱምን ሳያዩ የሁለቱን ወንዞች ጠባይ ያውቃሉ። ወረቀቱም ዛሬ ድረስ በሣጥናችን ውስጥ አለ፤ በአንድ ወገን ሰላምታ፣ በሌላው ወገን ሰርግ ተጽፎበታል።